ግራ የኋላው ጎማ

አምስት ወር ሙሉ አንድ ጎማ ስነፋ ኖርኩ። ሳላጋንን ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ነዳጅ ማደያው ጥግ ያለችው ሳንቲም የምትበላ ማሽን አጠገብ እንበረከካለሁ። ያንኑ ግራ የኋላ ጎማ እሞላለሁ፣ ጉልበቴን አራግፌ እሄዳለሁ። በሳምንቱ ተመልሼ እመጣለሁ። "ቆይ፣ ይሄ ንፋስ የት ነው የሚሄደው?" ብዬ ቁጭ ብዬ ያሰብኩበት ቀን አልነበረም። መሙላቱ ራሱ ጥገና መስሎኝ ነበር።

መኪናዋ ማዝዳ ሚያታ ናት። እ.ኤ.አ. የ2009 ሥሪት፣ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ። ቨርጂኒያ የሚኖር፣ ሁለት ልጆች ያሉት ሐበሻ ይህችን መኪና መግዛቱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ወሬ ሆኖ ነበር። "ደለስ ኤርፖርት እንግዳ ልትቀበል ስትሄድ ሻንጣውን ጭነህ እንግዳውን በአውቶቡስ ልትልከው ነው?" ያለኝ ሰው አለ። መልስ አልነበረኝም። ለእንግዳና ለአስቤዛ ሌላ መኪና አለን፤ ይህች የእሁድ ጠዋት ናት፣ የኔ ናት፣ በቃ።

የስፖርት መኪና ጎማ ዓይን ያታልላል። አዲስ አበባ ልጅ ሳለሁ ጎማ የሚመረመረው በእግር ነበር። ወያላው ረገጥ ያደርግና "ሙሉ ነው፣ ሳበው!" ይላል። ጎኑ ረዘም ያለ ጎማ ሲጎድል ሆዱ ስለሚወጣ ከሩቅ ያስታውቃል። የሚያታዬ ጎማ ግን 205/45፣ ባለ 17 ኢንች ነው። 205 ስፋቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር፤ 45 ማለት ደግሞ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ ነው ማለት ነው። አስሉት፤ ከቸርኬው እስከ አስፋልቱ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይቀራል። እዚህች ቁመት ላይ 29 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የያዘ ጎማና 22 የያዘ ጎማ ጎን ለጎን ቢቆሙ የሚለያቸው ዓይን ያለው ሰው ካለ እጁን እስማለሁ።

"መብራቱስ?" ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ያቺ ቢጫ ድስት የምትመስለው፣ መሀሏ ቃለ አጋኖ ያለባት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2007 ጀምሮ የሚሠሩ አዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ የጎማ ንፋስ ጠቋሚ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። ግን ሕጉ የሚጠይቀው ንፋሱ ፋብሪካው ካዘዘው 25 በመቶ ሲጎድል እንዲያስጠነቅቅ ነው። የሾፌሩ በር ሲከፈት ጎኑ ላይ በተለጠፈችው ወረቀት መሠረት የኔ መኪና 29 ነው የሚያስፈልጋት። ሩቡን ቀንሱለት፣ ወደ 22 ይወርዳል። ከ29 እስከ 22 ባለው ሜዳ ላይ መብራቱ ዝም ነው። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ 25 ላይ ሲደርስ እየሞላሁ አፉን ዘግቼዋለሁ።

(በነገራችን ላይ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትሙሉ። 44 ወይም 51 የሚለው ጎማው የሚችለው ትልቁ ነው እንጂ መኪናችሁ የምትፈልገው አይደለም። ይህንን ለስንት ሰው እንደነገርኩ!)

የነቃሁት ጥቅምት ውስጥ ነው። ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል መንገድ አለ፤ በተራራው ጀርባ ላይ 105 ማይል የሚጠማዘዝ። ፍጥነቱ በ35 ማይል የተገደበ ስለሆነ ለማበድ አይመችም፤ ግን ጣሪያ ከፍቶ፣ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሆኖ፣ አንዱን ኩርባ ጨርሶ ሌላውን መጀመር ነው። እዚያ ላይ አንድ ነገር ታወቀኝ። ወደ ግራ ስዞር መኪናዋ እንደ ልቤ ናት። ወደ ቀኝ ስዞር ግን ኋላዋ ትንሽ ዘግይቶ የሚደርስ ይመስላል። መሪውን አዞራለሁ፣ አፍንጫዋ ይታዘዛል፣ ወገቧ ግን "ቆይ መጣሁ" ይላል። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ክብደቷ የሚወድቀው ግራው ላይ ነው። ይህንን ያሰብኩት በኋላ ነው፤ ያኔ ያሰብኩት ሾክ አብዞርበሩ ሞተ፣ ገንዘቤ አለቀ ብዬ ነው።

ገደል ማየት ለሚፈልግ ሰው የተሠራች ማቆሚያ ላይ ቆምኩና ጌጁን፣ የንፋስ መለኪያዬን፣ አወጣሁ። ሦስቱ ጎማዎች 33 ገደማ ናቸው። ስለጋሉ ነው፤ ሲነዳ የቆየ ጎማ 3 ወይም 4 ከፍ ማለቱ ልማዱ ነው። ግራ የኋላው 27። ሰዉ ሁሉ ተራራውን ፎቶ ሲያነሳ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ጎማ አየሁ።

በዚያው ሳምንት ከልጄ አንድ ደብተር ለመንኩ። እንዲህ አደረግኩ፦ ጠዋት፣ መኪናዋ ሌሊቱን ቆማ ካደረች በኋላ፣ ሞተር ሳላስነሳ፣ ሁልጊዜ በአንዱ ጌጅ፣ አራቱንም ጎማ መለካትና መጻፍ። ጌጁ አንድ መሆን አለበት። የነዳጅ ማደያው ማሽን አንድ ነገር ይላል፣ የኔው ሌላ ይላል፤ የትኛው ልክ እንደሆነ መጨቃጨቅ ትርፍ የለውም። አንዱን ይዞ ልዩነቱን መከታተል ነው።

ኅዳር ሲገባ ደብተሩ አስደነገጠኝ። አራቱም ወረዱ! አንድ ጠዋት ሁሉም ከ2 በላይ ቀንሰዋል። ለካ ብርድ ነው። ሙቀት በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቁጥር ንፋሱ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል፤ የዚያን ሳምንት ደግሞ ከ18 ዲግሪ ወደ 1 ዲግሪ ነበር የወረድነው። ንፋሱ የትም አልሄደም፣ ተኮማትሮ ነው። እዚህ አገር በየዓመቱ በመጀመሪያው ብርድ ጠዋት ጎሚስታ ቤት ሰልፍ የሚበዛው ለዚህ ነው፤ የግማሾቹ ጎማ ምንም አልሆነም። በዚህ ላይ ደህና የሆነ ጎማም ቢሆን በላስቲኩ ውስጥ አልፎ በወር 1 ወይም 2 ያጣል።

ስለዚህ አንዱን ጎማ ለብቻው ማየት ትቼ ከጎረቤቱ ጋር ማስተያየት ጀመርኩ። ቀኝ የኋላው ጤነኛ ነው፤ ብርዱ ሁለቱንም እኩል ይነካል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን የብርድ አይደለም፣ የቀዳዳ ነው። ልዩነቱ በሳምንት 4 ሆኖ ተገኘ።

ወደ አንድ ጎማ ቤት ወሰድኩት። ስሙ ይቅር። ልጁ ሳሙና ረጨ፣ አዞረ፣ አገኘ። ከጥርሶቹ መሀል፣ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ጠጋ ብላ፣ ራሷ የተበላ ትንሽ ብሎን ተሰክታለች። ጎማውን አወለቀና ከውስጥ እንጉዳይ በመሰለችው ልጥፍ ለጠፈው። ይህ ትክክለኛው አሠራር ነው። ከውጭ በመርፌ የሚወጋው ገመድ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ነፍስ አድን ቢሆንም፣ እንደዚህ ዓይነት መኪና ላይ እንደወጣ መተው አልወድም። ቀዳዳው ጎን ላይ ወይም ትከሻው ላይ ቢሆን ደግሞ አይለጠፍም፣ ጎማው ይጣላል። የኔዋ ለጥቂት ተረፈች። ብሎኗን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ኪሴ ከትቼ ቤት ገባሁና ለባለቤቴ አሳየኋት፣ ጥርሱ የተነቀለ ልጅ እንደሚያሳይ።

አለቀ አልኩ። መለካቱን ግን ከልማድ የተነሳ አላቆምኩም። ዕድሌ እሱ ነው።

በሳምንቱ ልዩነቱ 2። በሁለተኛው ሳምንትም ሌላ 2።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ብሎኗ እውነት ነበረች። ልጥፉም ጥሩ ነበር። ልጁ አላታለለኝም። ግን ቀዳዳው ሁለት ነበር! አንዱን ያገኘ ሰው ሁለተኛውን አይፈልግም፤ ሳሙናውን ያስቀምጣል፣ ሒሳቡን ይጽፋል። እኔም ብሆን አንዴ በእጄ የያዝኳት ብሎን ነበረችኝ፤ ጥፋተኛው ተይዟል፣ ፍርድ ተሰጥቷል። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ "ልጥፉ ጥሩ አልነበረም" ብዬ ሄጄ እጣላ ነበር፤ ወይም ደግሞ በሳምንት 2 ምን አላት ብዬ ወደ መሙላቴ እመለስ ነበር። ከ4 ወደ 2 መውረዱ ግን ሁለቱንም አስተባበለ። ልጥፉ የራሱን ድርሻ ሠርቷል። የቀረው የሌላ ነው።

በዚህ መሀል ምክር አልጎደለም። ሠላሳ ዓመት ዲሲ ውስጥ ታክሲ የነዱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ። ቡና ላይ ነገርኳቸው።

"ናይትሮጅን አስሞላ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ የምንተነፍሰው አየር እኮ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው።"

"ታዲያ የቀረውን 22 ሙላዋ!"

መቶ በመቶ ተሸነፍኩ። ናይትሮጅን በላስቲክ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ልክ ናቸው። ቀዳዳ ካለ ግን ቀዳዳው ናይትሮጅን ነህ ኦክስጅን ነህ ብሎ መታወቂያ አይጠይቅም። ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ የኋላው ሻንጣ መጫኛ ውስጥ ያለችውን የማሸጊያ ጠርሙስ ጨምርበት አለኝ። ሚያታ ስኮርት ጎማ የላትም፤ በሱ ፋንታ ያቺን ጠርሙስና ትንሽ ኮምፕረሰር ነው የሚሰጧችሁ። እሷ ለመንገድ ዳር ናት። ጋራዥ ውስጥ የቆመ መኪና ላይ ማፍሰስ በሽታውን ሳያውቁ ማደንዘዣ መውጋት ነው፤ ጎማውን የሚያወልቀው ሰው ደግሞ እጁ በሙጫ ተጨማልቆ ይረግማችኋል።

እኔ የሄድኩት ወደ አባቴ ቮልስ ነው።

የድሮዎቹን ቮልሶች የምታውቁ ታስታውሱ ይሆናል። የፊት መስታወት ማጠቢያ ውሃውን የሚገፋው ሞተር አልነበረም፤ ፊት ለፊት ከተኛው ስኮርት ጎማ በቀጭን ቱቦ የሚመጣ ንፋስ ነበር። እኛ ልጆች ውሃው ሲረጭ ደስ ስለሚለን ደጋግመን እንጫናታለን። አባቴ "ተዉ እንጂ፣ ጎማዬን ጨረሳችሁት!" ይለናል። ቀልድ ይመስለኝ ነበር፤ ካደግኩ በኋላ ነው የእውነቱን መሆኑ የገባኝ። ያንን ስኮርት ልናስነፋ ስንሄድ ጎሚስታው ገና ከመጀመሩ ጣቱን ምራቅ ይነካና የቫልቩ አፍ ላይ ያደርጋል። አረፋ ካበጠ የቫልቩ መርፌ ነው፤ ይቀየራል፣ አለቀ። ካላበጠ ጎማው በርሜል ውስጥ ይነከራል። ሁለት ሰከንድ የማትፈጅ ምርመራ ናት። የቫልቩ አሠራር ደግሞ ከ1890ዎቹ ጀምሮ ብዙም ስላልተለወጠ፣ ለቮልስ የሠራው ምራቅ ለሚያታም ይሠራል።

ጋራዥ ወርጄ የቫልቩን ክዳን ልከፍት ብል እምቢ አለ። የኔው ጥፋት ነው። መኪናዋን የገዛሁ ሰሞን የሚያብለጨልጩ የብረት ክዳኖች አዝዤ ነበር፤ ያምራሉ። የንፋስ ጠቋሚ ሴንሰር ያለበት ቫልቭ ግን ግንዱ አሉሚኒየም ነው። በክረምት መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ሲገባበት ሁለቱ ብረቶች ተበላልተው አንድ ይሆናሉ። በፒንሳ እያሻሸሁ፣ ግንዱ ቢሰበር ሴንሰሩም አብሮ እንደሚሄድ እያሰብኩ፣ እያላበኝ ከፈትኩት። በዚያው ቀን አራቱንም ወደ ተራዋ ጥቁር ፕላስቲክ መለስኳቸው። ማማሩ ይቅርብኝ።

ምራቅ አደረግኩ። ጠበቅኩ። ምንም የለም። ቫልቩ ንጹሕ ነው።

ስለዚህ በርሜል ያስፈልጋል። እኛ የምንኖረው አፓርታማ ውስጥ ነው፤ በርሜል የለም። ያለው የመታጠቢያ ገንዳ ነው።

"ልጆቹ የሚታጠቡበት ውስጥ?" አለች ባለቤቴ።

"አጥበዋለሁ።"

"ጎማውን ነው ገንዳውን?"

"ሁለቱንም።"

እሷ ወደ ሥራ እስክትሄድ ጠበቅኩ። ክሪኩን ሰካሁ፣ ዳዶዎቹን ፈታሁ፣ ጎማውን አቅፌ በአሳንሰር ወጣሁ። ከአራተኛ ፎቅ የገቡ ሴትዮ አይተውኝ ምንም አላሉም፤ አሜሪካ ውስጥ ይህ ትልቅ ጨዋነት ነው። በትንሿ ኮምፕረሰር 40 ድረስ ሞላሁት። ጎማው ይችለዋል፤ ውስጡ ሲጠነክር ደግሞ ትንሽ ቀዳዳም ቶሎ ትናገራለች። ከዚያ ገንዳ ውስጥ አስተኛሁት።

መጀመሪያ ከላይ ሆኖ የሚታየውን፣ የሚያምረውን ፊቱን አየሁ። በአረፋ ተሸፍኗል! ልቤ ዘለለ። ግን ማንኛውም ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ አየር ይዞ ይገባል፤ የአምቦ ውሃ ብርጭቆው ጎን ላይ የሚለጥፈውን አስቡ። መፍትሔው በእጅ መጥረግ ነው። ጠርጋችሁ፣ ውሃው እስኪረጋ ዝም ብላችሁ፣ ተመልሶ የሚመጣውን ብቻ መቁጠር። ጠረግኩ። አልተመለሰም። አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ፣ አሁንም ምንም። የለጠፍነውን ቦታ አየሁ፣ ድርቅ ብሏል።

ገለበጥኩት። ውስጠኛው ፊት መኪናው ላይ ሲሆን ወደ ፍሬኑ የሚዞረው ነው፤ ማንም አያየውም፣ ማንም ሳሙና አይረጨውም። ጠረግኩ፣ ጠበቅኩ። አራት ደቂቃ አካባቢ ላይ ጎማውና ቸርኬው ከሚገናኙበት ጠርዝ አንድ አረፋ ወጣ። የስፒል ራስ ታክላለች። ከጎኗ ሌላ። ከዚያ ሌላ። የእጄን መዳፍ በሚያህል ርዝመት ላይ እንደ ጨሌ ተደርድረው፣ አንዷ ስትሄድ ሌላዋ እየተካች። ጠረግኳቸው፤ ተመለሱ። ደግሜ ጠረግኩ፤ ተመለሱ። ገንዳው ዳር ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ። ሰው አምስት ወር የፈለገውን ነገር ሲያይ የሚስቀውን ሳቅ ነው።

የፈራሁት ስንጥቅ ነበር። እንዲህ ያለ አጭር ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ምቱን የሚቀበለው ላስቲኩ ሳይሆን ቸርኬው ነው፤ ውስጠኛው ጠርዝ ደግሞ በቀላሉ ይሰነጠቃል። አረፋው የሚወጣው ከብረቱ መሀል፣ በቀጭን መስመር ላይ ቢሆን ኖሮ አዲስ ቸርኬ ፍለጋ እገባ ነበር። የኔው ግን ልክ መገናኛው ላይ ነው። በነጭ ማርከር ቸርኬውም ላይ ጎማውም ላይ ምልክት አደረግኩ፤ ሲወልቅ የማን ጥፋት እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ሁለተኛው ጎማ ቤት ትንሽ ነው፤ አንድ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ሽማግሌና ልጃቸው የሚሠሩበት። እዚህ አገር ምንም ብለው ይጥሯቸው፣ ለኔ ጎሚስታ ናቸው። ምልክቱን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ማሽኑ ጎማውን ከቸርኬው ሲያላቅቅ ምልክቴ ሥር ያለውን ብረት በጣታቸው ዳሰሱና ጣታቸውን አሳዩኝ። ነጭ ዱቄት። አሉሚኒየም በጨው ሲበላ የሚወጣው ነገር ከብረቱ ይልቅ ቦታ ይይዛል፤ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ እንደ ቆዳ ቁስል ያሳብጠዋል። ጎማው የሚቀመጠው ለስላሳ ነገር ላይ መሆን ሲገባው አሸዋ ላይ ነው የተቀመጠው። በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ድረስ ፈተጉት፤ ጠርዙን ዙሪያውን ጥቁር ማሸጊያ ቀቡት። ስለተከፈተ አይቀር የቫልቩን መርፌና ላስቲኩንም ቀየሩልኝ። መልሰው ሲነፉት ጎማው ቦታው ሲገባ ሁለቴ "ዷ! ዷ!" አለ። ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል። ባላንስ ተደርጎ፣ ሁሉም ተጨምሮ 40 ዶላር።

ሌሎቹን ሦስት ቸርኬዎችም እንዲያዩልኝ ልጠይቃቸው አሰብኩና ስስት ያዘኝ። ካልጎደለ ምን አስነካው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ደብተሩ አሰልቺ ሆነ። ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፤ ብርዱ ሲጠና አራቱም አብረው ይወርዳሉ፣ ሲሞቅ አብረው ይወጣሉ፣ ግራና ቀኝ የኋላዎቹ እንደ መንታ አይለያዩም። ስካይላይን ድራይቭ ሚያዝያ ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ወደ ቀኝ ስዞር ወገቧ ከአፍንጫዋ እኩል ደረሰ። ያቺን ማቆሚያ ሳልፍ ጥሩንባ ነፋሁላት፤ የቆሙት ሰዎች ሰላም ያልኳቸው መስሏቸው እጃቸውን አውለበለቡ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እንዲህ ይላል፦ ግራ የፊት 29፣ ቀኝ የኋላ 29፣ ግራ የኋላ 29፣ ቀኝ የፊት 27 ተኩል።

ዛሬ ደግሞ ቀኝ የፊቱ 26 ላይ ነው። ባለቤቴ ማታ ነው የምትመለሰው። ገንዳው ነፃ ነው።